እናቴ ዘንድሮም ተሳላሚ ልትቀበል ነው፤ ቤቱን እንዴት ላሰናዳው?

የላስታ ልጅ
ታኅሣሥ 10 ቀን 2013 ዓ.ም.

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን።

የምኖረው ላሊበላ ነው፤ አስተማሪ ነኝ። አብራኝ የምትኖረው እናቴ ሰባ ዓመት አልፏታል፤ ስኳር አለባት፤ ብርድ ሲመታት ደግሞ ደረቷ ይታፈናል። የምጠይቃችሁ ስለ እሷ ነው።

ገና ሲቃረብ ቤታችን የእኛ ብቻ መሆኑ ይቀራል። ከዋግ፣ ከራያ፣ ከመቄት፣ ከቡግና በእግራቸው የተነሡ ተሳላሚዎች ከበዓሉ ቀደም ብለው ይገባሉ። ከተማው ውስጥ ያለው ማደሪያ ለዚያ ሁሉ ሕዝብ አይበቃም፤ ቢበቃም ስንቁን ተሸክሞ የመጣ ገበሬ የሆቴል ሒሳብ ከየት ያመጣል? ስለዚህ የከተማው ሰው በየቤቱ ያሳድራቸዋል። እናቴ በር ላይ ቆማ ትቀበላቸዋለች፤ ውኃ አሙቃ፣ ነጠላዋን አደግድጋ፣ ተንበርክካ እግራቸውን ታጥባለች። የተሰነጣጠቀ፣ አቧራ የጋገረበት እግር ነው። እያጠበች «የወዴት አገር ሰው ናችሁ? ዝናቡስ እንዴት ነበር? እህሉስ?» ትላቸዋለች። ስማቸውን አትጠይቅም። ጾም ነውና ቆሎና ሽሮ ይቀርባል፤ ጠላ ይቀዳል። ማታ በትልቁ ክፍል ገለባ ተጎዝጉዞ ጎን ለጎን ይተኛሉ፤ ከመተኛታቸው በፊት ግን እስከ እኩለ ሌሊት ይዘምራሉ፣ ያጨበጭባሉ። ልጅ ሳለሁ እንቅልፍ የሚወስደኝ ያንን ዝማሬ እየሰማሁ ነበር። ዛሬም ከዓመቱ ሌሊቶች ሁሉ እሱን እወዳለሁ።

ዘንድሮ ግን ኮሮና አለ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሕመምተኛ አዲስ አበባ ውስጥ መገኘቱ ከተነገረ ወዲህ በጎብኚ የሚኖረው ከተማችን ምን እንዳየ ታውቃላችሁ። በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ሲከለከል ፋሲካን ከቤት ሆነን ቅዳሴውን በቴሌቪዥን ተከታተልን። እናቴ ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆማ አስቀደሰች፤ «አረፍ በይ» ብላት እንቢ አለች። አዋጁ ካበቃ በኋላ ሰዉ ወደ ነበረበት ተመለሰ፤ ገበያው ሞላ፤ ማስኩ አገጭ ላይ ቀረ። ትምህርት ቤትም በፈረቃ ተከፍቷል። ተማሪዎቼን አራርቄ አስቀምጬ አስተምርና ከዚያ ወደ እናቴ እገባለሁ፤ ይህ ራሱ ያስጨንቀኛል።

የትንሽ ከተማ ሌላም ችግር አለ። እዚህ ሁሉም ሰው ይተዋወቃል። ልጃቸው ከውጭ አገር የተመለሰ አንድ ቤተሰብ፣ ልጁ ነጻ መሆኑ በምርመራ ከተነገረ በኋላ እንኳን ለረጅም ጊዜ ቡና የሚጠራቸው ጎረቤት አጥተው ነበር። ይህን ያየ ሰው ሲያመው «ጉንፋን ነው» ብሎ ይደብቃል። ስለዚህ ማን እንደታመመ አይታወቅም። ደግሞም የምፈራው እንግዳው ያመጣብናል ብዬ ብቻ አይደለም። እኛም ልናስይዘው እንችላለን፤ እሱ ደግሞ ሐኪም ወደሌለበት ቀበሌ ይዞት ይመለሳል።

«ዘንድሮስ ይቅርብሽ» ብያት ነበር። «እንግዳ ከደጄ ተመልሶ ቤዛ ኩሉን በምን ጆሮዬ እሰማዋለሁ?» አለችኝ፤ በገና ዕለት ካህናቱ የሚያዜሙትን ዝማሬ ማለቷ ነው። ከዚያ በኋላ አልተከራከርኳትም፤ እውነቷን ነውና። ስለዚህ «ተዉት» የሚል መልስ አልፈልግም፤ እንዴት እንደሚደረግ የምታውቁ ንገሩኝ።

ቤቱ አንድ ትልቅ ክፍል ነው፤ አንድ በርና ወደ ግቢው የሚከፈት አንድ ጠባብ መስኮት አለው። እናቴ የምትተኛበት ጓዳ ከእሱ ጋር የተያያዘ ነው። ማድ ቤቱ ለብቻው ነው፤ ግቢው ሰፊ ነው፤ መካከሉ ላይ ትልቅ ወይራ አለ። የታኅሣሥ ሌሊት እዚህ አጥንት ይሰብራልና ሰው ሜዳ ላይ ይደር ማለት ይከብደኛል። እግር ማጠቡንስ እሷ ታድርገው ወይስ እኔ ልተካት?


ነርስ፣ ከወልድያ
ታኅሣሥ 11 ቀን 2013 ዓ.ም.

እህት ዓለም፣ ስለ እግር ማጠቡ ብዙ አትጨነቂ። ይህ በሽታ በእግር አይገባም፤ የሚተላለፈው በዋናነት ከአፍና ከአፍንጫ በሚወጣ ትንፋሽና ጠብታ ነው። ነፋስ በሚያገኘው ግቢ፣ ለጥቂት ደቂቃ፣ ሁለቱም ማስክ አድርገው የሚፈጸም ነገር ስጋቱ አነስተኛ ነው። እንግዳው ከፍ ያለ መደብ ላይ ይቀመጥና ፊቱን ወደ ጎን ያዙር። እናትሽ የምትወደው ጨዋታ እግሩ ከታጠበ በኋላ፣ ራቅ ብለው ተቀምጠው ይቀጥል። ውኃው ለእያንዳንዱ ሰው ይቀየር፤ እሷም እጇን በሳሙና ሳትታጠብ ፊቷን አትንካ። ይህን ከከለከልሻት በዓሉን በሙሉ ነጠቅሻት ማለት ነው።

እኔን የሚያስፈራኝ አንቺ የምትወጂው ሌሊት ነው። ሰው ሲዘምርና ጮክ ብሎ ሲናገር ዝም ብሎ ከሚተነፍሰው እጅግ የበለጠ ጠብታ ያወጣል። ትልልቁ ወዲያው መሬት ይወድቃል። ደቃቁ ግን በተዘጋ ቤት ውስጥ እንደሚጨስ ዕጣን አየሩ ላይ እየተጠራቀመ ይሄዳል፤ ጥግ የተቀመጠውም ሰው ይደርሰዋል። አሜሪካ ውስጥ በዋሽንግተን ግዛት፣ ስካጂት በተባለ አውራጃ፣ መጋቢት 1 ቀን 2012 ዓ.ም. 61 የመዘምራን አባላት ለሁለት ሰዓት ተኩል ያህል አብረው ተለማመዱ። የጉንፋን ምልክት የነበረበት አንድ ሰው ነበር። ከዚያ በኋላ በምርመራ የተረጋገጠባቸውና በምልክት የተለዩት ተደምረው 53 ሆኑ፤ ሁለቱ ሞቱ። እነዚያም ሰዎች የተሰበሰቡት ለመዝሙር ነበር።

ስለዚህ ዝማሬው ወይራው ሥር ይሁን። መኝታውን በተመለከተ ሸራ ካገኛችሁ ከቤቱ ጣሪያ እስከ ወይራው ወጥራችሁ ዳስ ሥሩ፤ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ብቻ ጋርዱት፤ በሌላው በኩል ክፍት ይሁን። ቤት ውስጥ ማደር ያለበት ሰው ካለ ጥቂት ይሁኑ፤ በሩም መስኮቱም ክፍት ይደር። እናትሽ ግን ጓዳው ውስጥ አትደር። ለእነዚያ ሌሊቶች ጎረቤት ወይም ዘመድ ቤት፣ ሰው ከማይበዛበት ክፍል ትተኛ፤ ቀን ቀን ግቢ ውስጥ እንግዶቿን ታስተናግድ።

አንድ ነገር አደራ። ብርዱን ለማባረር ብላችሁ ከሰል አቀጣጥላችሁ ሰው ወደተኛበት ቤት እንዳታስገቡ። በሩን ዘግቶ ከከሰል ጋር የሚተኛ ሰው ከኮሮናው በፊት በጭሱ ያልቃል፤ በየዓመቱ በዓል ሲመጣ እንዲህ ያለ ሬሳ ይመጣልናል።

እንግዶቹ ጤነኛ መስለው ቢታዩም አትታለሉ። የተያዘ ሰው ምልክት ከማሳየቱ ሁለት ቀን ያህል ቀድሞ ሊያስተላልፍ ይችላል። በሽታው የሚታየው ከተያዙ ከ2 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ ብዙውን ጊዜ በአምስተኛው ቀን አካባቢ። የመጨረሻው እንግዳ ከሄደ በኋላ እናትሽን በዚህ ቀን ቆጥረሽ ተከታተያት። የስኳር መድኃኒቷን ከበዓሉ በፊት አሟይላት፤ ሕመም ሲገባ ስኳሩ ከፍ ይላልና። ትንፋሽ ካጠራት «ነገ ይሻላታል» አትበሉ፤ ወደ ኮሮና የስልክ መስመር 8335 ደውላችሁ ንገሩ።


ምእመን
ታኅሣሥ 11 ቀን 2013 ዓ.ም.

በእምነት የመጣን ሰው በሽታ አይነካውም። እናትሽ ከሁላችሁም ታውቃለች፤ ተያት።


የላስታ ልጅ
ታኅሣሥ 11 ቀን 2013 ዓ.ም.

እናቴ እምነቷን ማንም አላስተማራትም፤ እኔም አልጠየቅኩትም። ነገር ግን እሷ ራሷ በየቀኑ የስኳር መድኃኒቷን በጸበል ውጣ ነው የምትውለው። ጸበሉም መድኃኒቱም ከአንድ እጅ ነው የሚመጡት ትላለች። ስለዚህ «ተያት» አትበለኝ፤ እናት አትተውም።

የወልድያዋ እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። ስለ ከሰሉ የነገርሽኝን ጨርሶ አላሰብኩትም ነበር፤ ብርዱ ሲጠና መጀመሪያ የማደርገው እሱን ነበር።


ተሳላሚ፣ ከሰቆጣ
ታኅሣሥ 12 ቀን 2013 ዓ.ም.

እኔ ከምትቀበሏቸው ሰዎች አንዱ ነኝ። እናትሽን አላውቃት ይሆናል፤ እንደሷ ያለች እናት ግን እግሬን አጥባኛለች።

እኛን ከብርዱ አንጻር ብቻ አትመልከችን። መንገድ ላይ ዋሻ ሥርም፣ የሰው ደጅም፣ ሜዳም አድረን ነው የምንመጣው፤ ጋቢያችንን ይዘናል። እላሊበላ ስንደርስ የሚናፍቀን ሙቅ ውኃውና «እንኳን በሰላም ገባችሁ» የሚለው ቃል ነው። ዳስ ሥር ማደር ቅር አይለንም።

ሁለት ነገር ልንገርሽ። እኛ ስንጓዝ ተነጣጥለን አይደለም። የአንድ ቀበሌ ሰው አብሮ ይነሣል፤ በመካከሉ ሁሉ የሚሰማው አንድ ሽማግሌ ወይም ዲያቆን አለ። ማስክ አድርጉ፣ እዚህ ተኙ፣ እዚያ ዘምሩ ብለሽ ለእያንዳንዱ ብትናገሪ ማንም አይሰማሽም። ለሽማግሌው ንገሪው፤ እሱ አንድ ጊዜ ይናገራል፤ ያበቃል። ሌላው ነገር፣ አብሮ ቀናት የተጓዘን ሰው አትለያዩት። መንገዱን ሙሉ ከአንድ ቅል ጠጥተናል፤ የአንዳችንን ትንፋሽ ሌላችን ተካፍለናል። የራያውን ቡድን ከመቄቱ ጋር አለማደባለቅ ይበልጥ ይጠቅማል። ዘንድሮ ሁለት ቡድን ብቻ ተቀበሉ፤ አንዱን ከወይራው ወዲህ፣ አንዱን ከወይራው ወዲያ።


ነርስ፣ ከወልድያ
ታኅሣሥ 12 ቀን 2013 ዓ.ም.

የሰቆጣው ወንድማችን የተናገረው እኔ ከጻፍኩት ሁሉ ይበልጣል። ቡድኖቹን ካላደባለቃችሁ ሥራው ግማሹ አልቋል።


አስጎብኚ
ታኅሣሥ 13 ቀን 2013 ዓ.ም.

እህቴ፣ የከተማሽ ልጅ ነኝ። ከመጋቢት ጀምሮ አንድም ጎብኚ አላስጎበኘሁም፤ በሰሜን ጦርነቱ ከተነሣ ወዲህ ደግሞ ተስፋውም ራቀ። ይሁንና ዘንድሮም ተሳላሚው ይመጣል። ሸራና ባላ እንጨት ከፈለጋችሁ ሥራ ፈትተን የተቀመጥን ልጆች አለን፤ መጥተን እንሠራላችኋለን።

በእግሩ የሚመጣውን ብቻ አትፍሪ። እሱ ሜዳ ለሜዳ፣ ነፋስ እየመታው ነው የመጣው። ከጋሸና የሚገባው መኪና ግን መስኮቱን ዘግቶ፣ ሰው በሰው ላይ ጭኖ ነው የሚደርሰው። ከአዲስ አበባ የሚመጡ ዘመዶቻችሁ እናትሽን ሲያቅፉና ሲስሙ እንደ ቤተሰብ ስለምታያቸው አትጠረጥሪያቸውም። ከእንግዶቹ ይልቅ ለእነሱ ተጠንቀቂ።

የበዓሉን ዕለት በተመለከተ፣ ቤተ ማርያም ግቢ ውስጥ እንዳታስገቢያት። ቤዛ ኩሉ ሲባል ካህናቱ ግማሹ ከላይ ማሜ ጋራ ላይ፣ ግማሹ ከታች ሆነው ይቀባበላሉ፤ ታች ያለው ሕዝብ እግር የሚያሳርፍበት ቦታ የለውም። በቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል በኩል ያለውም ጨለማ ዋሻ ሰው ተጨናንቆ የሚተላለፍበት ነውና ይቅርባት። ከማሜ ጋራ ወጣ ብሎ ካለው ዳገት ላይ በርጩማ ይዘን እናስቀምጣታለን፤ ድምፁ እዚያ ድረስ ጥርት ብሎ ይሰማል። ለመሳለሙ ደግሞ ከበዓሉ ቀደም ብላ በጠዋት ቤተ ጊዮርጊስን ከአፋፉ ላይ ትሳለም።


ቀሲስ፣ ከደሴ
ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም.

ልጄ ሆይ፣ እናትሽ «እንግዳን ውጭ ማሳደር ነውር ነው» ካለችሽ አብርሃምን አስታውሻት። ሦስቱን እንግዶች ተቀብሎ የእግር ውኃ ያቀረበላቸው በድንኳኑ ደጃፍ ነበር፤ ያረፉት ከዛፍ በታች፣ የበሉትም እዚያው ነው። እንግዳ ተቀባይነቱ በዚያ አልጎደለም። ግቢያችሁም ዛፍ አለው ብለሻል።

አባቶቻችንም እንዲህ ያለ ዘመን አይተዋል። በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር፣ ሌላው ዓለም የስፔን ጉንፋን ያለው ወረርሽኝ አገራችን ሲገባ አዲስ አበባ ቀባሪ አጥታ ነበር። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመው ተርፈዋል። ኅዳር 12 ቀን በየደጁ ቆሻሻ የምናቃጥለው፣ «ኅዳር ሲታጠን» የምንለውም የዚያ ዘመን መታሰቢያ ነው። ያ መቅሠፍት የወረደው የገና ጾም በሚገባበት ሰሞን ነበር። በዚያ ዓመትም ገና ተከብሯል። ስለዚህ መጠንቀቅን እንደ አዲስ ነገር ወይም እንደ እምነት ጉድለት አትቁጠሩት። ባለፈው ፋሲካ ቤተ ክርስቲያን ራሷ ምእመናን በየቤታቸው ሆነው እንዲጸልዩ ስታዝዝ ዓላማዋ አረጋውያንን ማትረፍ ነበር።

ለእናትሽ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ።


የላስታ ልጅ
ታኅሣሥ 15 ቀን 2013 ዓ.ም.

ይባርኩኝ ቀሲስ። የጻፉትን ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላት። ስለ አብርሃም ስትሰማ ዝም ብላ ቆየችና «ታዲያ ወይራው ሥር ያለውን ድንጋይ አስነሡት፤ ሰው እንዴት እዚያ ላይ ይተኛል?» አለችኝ። ይህ ከእሷ አፍ ሲወጣ እሺታ ነው።

ሌላ ቤት ማደሩን ግን በአንድ ቃል አልተቀበለችውም። እህቷ ዘንድ ሄዳ እንድታድር ያስማማናት «አንቺ ከታመምሽ በሚቀጥለው ዓመት ማን ያጥባቸዋል?» ብለን ነው።


የላስታ ልጅ
ጥር 16 ቀን 2013 ዓ.ም.

ብዙዎቻችሁ እንዴት እንዳለፈ ስለጠየቃችሁኝ ልንገራችሁ። እናቴ ደህና ናት። ነርሷ ያለችኝ 14 ቀን አልፏል፤ አላሳላትም፤ ስኳሯም አልተናጋም። ወደየአገራቸው የተመለሱት እንግዶች እንዴት እንደሰነበቱ ግን የማውቅበት መንገድ የለኝም፤ እሱ አሁንም ልቤ ውስጥ አለ።

ሸራውን የከተማው ልጆች ወጠሩልን። ባላውን ተክለው ሲጨርሱ እናቴ ዳሱን ዞራ አይታ ከቤቱ ይልቅ እሱን ወደደችው። የተቀበልነው ከመቄትና ከዋግ የመጡ ሁለት ቡድኖችን ነበር። የዋጎቹ መሪ ጺማቸው የሸበተ አባት ነበሩ፤ የነገርኳቸውን ሰምተው ወደ ሰዎቻቸው ዞር አሉና «የዚህች ቤት እናት ደካማ ናት፤ እሷ ባለችበት ሁላችሁም አፋችሁን ሸፍኑ» አሉ። ስለ በሽታው አንድም ቃል አልተናገሩም፤ ማንም ደግሞ ማስኩን አላወለቀም። ከመቄት የመጡት ወጣቶች ግን ተቸገርንባቸው። ማስኩን ሰጠኋቸው፤ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ዋሉ። እናቴ እነሱን ስታጥብ አጠገቧ ቆሜ አንድ በአንድ ከፍ አስደረግኳቸው።

እግር ስታጥብ ዝም ማለት በጣም ከበዳት። የመጀመሪያው ሰው ላይ «የወዴት አገር…» ብላ ጀመረችና ቀና ብላ አየችኝ። በኋላ ዘዴ አገኘች፤ አጥባ ስትጨርስ ጉልበታቸውን መታ መታ ታደርግና ተነሥታ ከዳሱ ማዶ ተቀምጣ ሁሉንም በአንድነት ትጠይቃቸዋለች። ጨዋታው ከወትሮው ሰፋ፤ አንዱ የተናገረውን ሌላውም ይሰማው ነበርና የመቄቱ ስለ ገብሱ ሲያወራ የዋጉ ከማዶ ሆኖ ይመልስለታል።

ሁለተኛው ሌሊት ላይ ብርዱ በረታ። ከዋጎቹ ጋር የመጡ አንዲት አሮጊት እየተንቀጠቀጡ ስለነበር ከልጃቸው ጋር ቤት አስገባናቸው። ሌላ ሰው አላስገባንም፤ መስኮቱም በሩም ክፍት አደረ፤ በቤቱ ያለውን ብርድ ልብስ ሁሉ ደረብንላቸው። ከሰል አላስገባንም። ዝማሬው ዳሱ ሥር እስከ እኩለ ሌሊት ቀጠለ፤ እናቴም እህቷ ቤት ሆና ሰማችው።

የገና ዕለት ዳገቱ ላይ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ቤዛ ኩሉን አዳመጠች። ከታች ያለው ሕዝብ እጅግ ብዙ ነበር፤ ማስክ ያደረገ ሰው በዓይን ይፈለግ ነበር። እዚያ ብናስገባት ኖሮ የደከምንበት ሁሉ ባከነ ማለት ነበር። አስጎብኚው ወንድሜ፣ ውለታህን እግዚአብሔር ይክፈልህ።


ከቁልቢ
ጥር 18 ቀን 2013 ዓ.ም.

እኛም ለሐምሌ 19 የገብርኤል ተሳላሚ እናሳድራለን። የታኅሣሡ እንደነገሩ አለፈ። ሐምሌ ግን ዝናብ ነው፤ ሸራው ይበቃል ትያለሽ? ደግሞ እንግዶቹ የተኙበትን ብርድ ልብስና ገለባ ምን አደረጋችሁት?


የላስታ ልጅ
ጥር 18 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለዝናብ ሸራ ብቻውን አይበቃም። ጎተራ ወይም የከብት ማደሪያ የመሰለ ጣሪያ ያለው፣ ግድግዳው ያልተሟላ ነገር ካላችሁ ከአሁኑ አጽዱት፤ በሁለት በኩል ነፋስ የሚያስገባ ይሁን። ዙሪያውን ቦይ ካልቆፈራችሁለት ውኃው ከሥር ይገባል። ቤተሰብ ከሚተኛበት ክፍል ጋር በር የሚጋራ ባይሆን ይሻላል።

ገለባውን ለላሞች አልሰጠነውም፤ ከግቢው ውጭ አቃጠልነው። ብርድ ልብሱን በሳሙና አጥበን ፀሐይ ላይ አሰጣነው፤ በሐምሌ ግን ፀሐይ ስለማይገኝ ትርፍ ብርድ ልብስ ከወዲሁ ፈልጉ። እንግዶቹም የየራሳቸውን ጋቢ እንዲይዙ ከመነሣታቸው በፊት መልእክት ብታደርሱላቸው ይቀላችኋል። ከሁሉ በፊት ግን ከየቡድኑ መሪዎች ጋር ተነጋገሩ፤ ስልካቸውን ያዙ። እኛ የዋጎቹን አባት ስልክ ሳንቀበል ለቀቅናቸው፤ አሁን የሚጠይቃቸው ሰው በመፈለግ ላይ ነኝ፤ ከሰቆጣ የሆንክ ወንድሜ፣ ካገኘሃቸው ስለ አሮጊቷ ጠይቅልኝ።